ኮድ መጻፍ አልወድም፤ ዲግሪዬን ምን ላድርገው?

«ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ። እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው። በኮምፒዩተር ሳይንስ ከተመረቅሁ ዓመት አለፈኝ። የመውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ። ችግሬ ፕሮግራሚንግ አልወድም። አልችልም ማለቴ አይደለም፤ ውጤቴም የሚያሳፍር አልነበረም። ግን ዶርም ውስጥ አንድ ኤረር ላይ አፍጥጠን አድረን መፍትሔው ሲገኝ ሌሎቹ በደስታ ይዘላሉ። እኔ የሚሰማኝ "ተመስገን፣ አሁን ልተኛ" ብቻ ነበር። የመመረቂያ ፕሮጀክታችን የክሊኒክ ቀጠሮ መያዣ ሲስተም ነበር። ኮዱን የጻፉት አብረውኝ የነበሩት ሁለቱ ወንዶች ናቸው። እኔ ያው ክሊኒኩ ድረስ እየሄድኩ ነርሶቹን ጠየቅሁ፣ ዶክመንቱን ጻፍኩ፣ ሲስተሙን እየነካካሁ ሞከርኩ። ጳጉሜ 6ን በየዓመቱ ዝም ብሎ እንደሚቀበል ያገኘሁት እኔ ነኝ። "ተይው፣ ማን ያየዋል" አሉኝ፤ ተውኩት። አሁን ቤት ነው የምውለው። ጎረቤት ሁሉ ስልኩንና ፍላሹን ይዞ ይመጣል። ለእናቶቹ የቴሌብር አጠቃቀም አሳያለሁ። አጎቴ ማራኪ በኩል ፎቶ ኮፒ ቤት ልክፈትልሽ ይለኛል። አባቴ ደግሞ በማታ አካውንቲንግ እንደ አዲስ ጀምሪ ባይ ነው። አራት ዓመቴን በከንቱ አቃጠልኩት ማለት ነው? የቱን ልያዝ? ሰ. ከአዘዞ»

እህቴ ሰ.፣

አላቃጠልሽውም። ይህን አስቀድሜ ልንገርሽና ወደ ዝርዝሩ እገባለሁ።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። «ኮዱን የጻፉት ሁለቱ ወንዶች ናቸው፣ እኔ ያው» ብለሽ፣ የተረፈውን ሥራ እንደጨረስሽ አድርገሽ ነው ያቀረብሽው። እዚህ ላይ አልስማማም። ነርሶቹ ጋ ሄዶ ቀጠሮ እንዴት እንደሚያዝ መጠየቅና ሲስተሙ ምን መሥራት እንዳለበት መለየት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። መሥሪያ ቤቶች ቢዝነስ አናሊስት ወይም ሲስተም አናሊስት ብለው ይቀጥሩበታል። ዶክመንት መጻፍም ሙያ ነው። ሲስተሙን እየነካኩ ጉድለቱን ማውጣት ደግሞ የሶፍትዌር ቴስተር ሥራ ነው፤ በቢሮ ቋንቋ ኪውኤ ይሉታል። ሦስት ሙያ ሞክረሽ ሦስቱንም እንደ ተራ እገዛ ቆጥረሽዋል።

ጳጉሜ 6ን በተመለከተ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ስለ አንቺ ብዙ የሚናገረው እሱ ነው። ጳጉሜ 6 የምትመጣው በአራት ዓመት አንዴ፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ነው። በ2015 ነበረች፤ ቀጣይዋ በ2019 ናት። ሲስተሙ በየዓመቱ የሚቀበላት ከሆነ፣ በሌላው ዓመት አንዲት ነፍሰ ጡር እናት በሌለ ቀን ትቀጠራለች ማለት ነው። ሲስተሙ ቀኑን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲቀይረው ደግሞ ቀጠሮዋ በአንድ ቀን ይገፋና መስከረም 1 ላይ ያርፋል። በእንቁጣጣሽ ቀን የክሊኒኩ በር ዝግ ሆኖ ይጠብቃታል። «ማን ያየዋል» ላሉሽ ልጆች መልሱ ይሄ ነው፤ ያቺ እናት ታየዋለች። ይህን ስህተት ያገኘሽው ኮዱን ስላነበብሽ አይደለም። የሰዉን አኗኗር ይዘሽ ወደ ማሽኑ ስለቀረብሽ ነው። ይህ ዓይነቱ ዓይን ደግሞ በስልጠና ብቻ የሚመጣ አይደለም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። «ፕሮግራሚንግ አልወድም» የሚሉኝ ብዙዎች ናቸው፤ ሁሉም የሚጠሉት ግን አንድ ነገር አይደለም። አንዱ ብቻውን መቀመጥ ነው የሚያስጠላው። ሌላው ውጤቱን በዓይኑ የማያየው ነገር ይሰለቸዋል። ሦስተኛው ስህተት መፈለግን ራሱን ይጠላል። አንቺ ሦስተኛዋ አይደለሽም። ስህተት ፍለጋ ብትጠዪ ጳጉሜን አታገኚያትም ነበር። አንቺን ያደከመሽ ሌሊቱን ሙሉ ከሰው ተነጥሎ ስክሪን ላይ ማፍጠጡ ይመስለኛል። ስለዚህ ሥራ ስትመርጪ «ኮድ አለው ወይስ የለውም» ብለሽ አትጀምሪ። «ቀኑን ሙሉ ከማን ጋር ነው የምውለው? የማን ችግር ነው የምፈታው?» ብለሽ ጠይቂ።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልንገርሽ። ከኮድ ጭራሽ መሸሽ አይቻልም። ሌላ ሰው የጻፈውን ኮድ አይተሽ በግምት የሚገባሽን ያህል ማንበብ ይኖርብሻል። ዳታቤዝ መጠየቅም እንዲሁ። የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋውን፣ ኤስኪውኤልን፣ ከጥላቻሽ ዝርዝር አውጪው። «ባለፈው ወር ቀጠሮ ይዘው ያልመጡ እናቶች ስንት ናቸው?» ብሎ መጠየቅ ነው፤ ጥያቄው በሦስት በአራት መስመር ያልቃል፤ መልሱም ወዲያው ይመጣል። እሱንና ኤክሴልን እጅሽን እስኪፈታ ከሠራሽባቸው ከዚህ በታች ከምጠቅሳቸው ሥራዎች አብዛኛዎቹ በር ይከፍቱልሻል። ኤክሴል ስል ሠንጠረዥ ማስመር አይደለም። ፒቮት ቴብል (ረጅም ዝርዝርን በየዓይነቱ ጠቅልሎ የሚደምር ሠንጠረዥ) መሥራት፣ የተደጋገመ ስም ማጣራት፣ ሁለት ዝርዝር ማመሳከር ነው።

ጎንደር ሆነሽ ይህን ጥያቄ መጠየቅሽ ዕድለኛ ያደርግሻል። ለምን እንደሆነ ላስረዳሽ።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሲጀመር፣ በ1954 እ.ኤ.አ.፣ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ነው። ከተማዋ ከጤና ትምህርት ጋር ያላት ቁርኝት ከሰባ ዓመት በላይ ሆኖታል። ዛሬ ዩኒቨርሲቲው ትልቅ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለው፤ የጤና ኢንፎርማቲክስ የሚባል የትምህርት ክፍልም አለው፤ በማስተርስ ደረጃም ያስተምራል። ይህ ክፍል የጤና ባለሙያውንና የኮምፒዩተሩን ሰው አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚያገናኝ ነው። ለአንቺ ከታክሲ ዋጋ የማይርቅ ቦታ ላይ ነው ያለው።

ሥራው ምን እንደሚመስል በቅርበት ላሳይሽ። አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ መዝገብ አለው። የክትባቱ፣ የወሊዱ፣ የተመላላሽ ሕክምናው። ወሩ ሲያልቅ ከየመዝገቡ ተቆጥሮ ሪፖርት ይሆናል። የሪፖርቱ ወር ከአንዱ ወር 21 እስከ ቀጣዩ ወር 20 ነው፤ ስለዚህ 20ኛው ቀን ሲያልፍ ግርግሩ ይጀምራል። ቁጥሩ ዲኤችአይኤስ 2 ወደሚባል ሲስተም ይገባል። ሲስተሙ መነሻው የኖርዌዩ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ነፃ ነው፤ ብዙ አገሮች ይጠቀሙበታል። ጤና ሚኒስቴር ለእኛ አገር ሲያስማማው ከኛ የቀን አቆጣጠር ጋር ጭምር ነው።

እዚህ ውስጥ ያለው ዋና ሥራ ቁጥሩ እውነት መሆኑን ማረጋገጥ ነው። ምሳሌ ልስጥሽ። ፔንታ የሚባለው ክትባት ለሕፃናት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው ይሰጣል። አንድ ጤና ጣቢያ ለተከታታይ ወራት ሦስተኛውን የወሰዱት ሕፃናት መጀመሪያውን ከወሰዱት ይበልጣሉ ብሎ ቢልክ ምን ትያለሽ? መጀመሪያውን ሳይወስድ ሦስተኛውን የሚወስድ ልጅ የለም። ከሌላ ቦታ የመጡ ካልሆኑ በስተቀር አንድ ሰው አቆጣጠር ላይ ተሳስቷል። ተነስተሽ መዝገቡን ታያለሽ፤ ነርሷን ታነጋግሪያለሽ፤ ምናልባት ገጽ ሲገለበጥ ድምሩ ሁለት ጊዜ ተይዞ ይሆናል። ሌላም መንገድ አለ። ከሪፖርቱ 12 ቁጥሮች በዕጣ ይመረጡና አንድ በአንድ ከመዝገቡ ጋር ይመሳከራሉ፤ ስንቱ እንደገጠመ ታይቶ የሪፖርቱ ጥራት ይፈረድበታል። ይሄን ሳነብ ጳጉሜ 6ን ያገኘችው ልጅ ናት ትዝ የምትለኝ።

ካርድ ክፍሉም ሌላ ዓለም ነው። «ፀሐይ»ን አንዱ በጸሎቱ ጸ፣ ሌላው በፀሐዩ ፀ፣ ሦስተኛው በሀሌታው ሀ ይጽፋታል። ኮምፒዩተሩ ሦስት ሰው ናቸው ብሎ ያምናል። ታካሚዋ በየመጣችበት አዲስ ካርድ ይወጣላታል፤ ያለፈው ምርመራዋ ይጠፋል። ዘመድ ሆነሽ ቤቷ ብትሄጂ ግን አንድ ሴት ናት። የፕሮግራመሩ ችግር የሚመስለው ይህ ነገር የሚፈታው፣ መዝጋቢዎቹ ጎን ተቀምጦ ስም እንዴት እንደሚጻፍ ደንብ በሚያወጣ፣ ደንቡንም በሚያስለምድ ሰው ነው። ለእናቶች ቴሌብር ታሳያለሽ አልሽኝ። ያው ሥራ ነው። አንድን ሲስተም ለማያውቀው ሰው ሳያስፈራሩ ማስለመድ ከባድ ነው፤ አንቺ በየቀኑ እያደረግሽው ነው።

እንቅፋቱን ደግሞ አልደብቅሽም። በመንግሥት ጤና ተቋማት ያሉ መደቦች ብዙ ጊዜ የጤና መረጃ ወይም የጤና ኢንፎርማቲክስ ተመራቂ ነው የሚሉት። ማስታወቂያ ስታዪ የትምህርት ዓይነቱን በደንብ አንብቢ። ኮምፒዩተር ሳይንስ ወይም ተመሳሳይ የሚል ካለ ሳትዘገዪ ተመዝገቢ። ከሌለ በሌላ በር ግቢ። ሁለት በር ይታየኛል።

አንደኛው የተመራማሪዎች በር ነው። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሁልጊዜ ጥናት አለ። ዳባት ላይ ነዋሪውን ለዓመታት እየተከታተለ መረጃ የሚሰበስብ ማዕከል አለው። የማስተርስ ተማሪዎቹም የየራሳቸውን መረጃ ይሰበስባሉ። መጠይቅ ዛሬ በወረቀት ብቻ አይሞላም፤ ኦዲኬና ኮቦ በሚባሉ ነፃ መሣሪያዎች በስልክ ወይም በታብሌት ይሞላል። ፎርሙን የሚያዘጋጅ ሰው ያስፈልጋል። የሚዘጋጀው ኤክሴል ላይ ነው። መላሹ ወንድ ከሆነ የእርግዝናው ጥያቄ እንዳይመጣ፣ ዕድሜ 200 ተብሎ እንዳይገባ፣ የወሊዱ ቀን ከዛሬ በኋላ እንዳይሆን ታደርጊያለሽ። ኮድ ሳትጽፊ የተማርሽውን ሎጂክ በሙሉ የምትጠቀሚበት ሥራ ነው። አንድ ተማሪ በደንብ ካገለገልሽ ሌሎቹን እሱ ራሱ ያመጣልሻል።

ሁለተኛው ልምምድ ነው። በአቅራቢያሽ ወዳለ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ኃላፊውን አነጋግሪ። «ሥራ ስጡኝ» አትበዪ። «የወር ሪፖርት በምትሠሩበት ሳምንት መጥቼ ላግዝ፣ ልማር» በዪ። ጊዜ ወስነሽ ግን ይሁን፤ ሁለት ሦስት ወር ይበቃል። በነፃ እያገለገሉ ዓመት መቆየት ደጅ ጥናት ነው፤ እሱን አልመክርሽም። ስትጨርሺ ምን እንደሠራሽ የሚገልጽ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ጠይቂ። የታካሚ መረጃ ከዚያ ክፍል እንደማይወጣ፣ በስልክሽም ፎቶ እንደማይነሳ ልብ በይ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ሕጉ ባይኖርም ደግሞ የሰው ሚስጥር ነው።

ከዚያ በፊት ቤት ሆነሽ መጀመር ትችያለሽ። ዲኤችአይኤስ 2 መሠረታዊ ትምህርቱን በኢንተርኔት በነፃ ይሰጣል። መለማመጃ ሲስተምም አለው፤ የሴራሊዮን ናሙና መረጃ ተሞልቶበት ለማንም ክፍት ነው። ያሻሽን ብታበላሺ የማንንም ሥራ አትነኪም። «5 ሚሊዮን ኮደሮች» የሚባለው የመንግሥት ነፃ ስልጠናም ስሙ አያስደንግጥሽ። ከኮርሶቹ አንዱ የዳታ ትንተና መሠረት ነው፤ ሰርተፍኬት አለው። ኔት በሚኖርበት ሰዓት ቪዲዮውንና ጽሑፉን አውርደሽ አስቀምጪ።

ስለ ቴስተርነት ደግሞ። ከሁሉም በላይ ለጠባይሽ የሚቀርበው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ሁለተኛ ያደረግሁት ቀጣሪዎቹ በብዛት አዲስ አበባ ስለሆኑ ብቻ ነው። ሶፍትዌር ኩባንያዎች፣ ባንኮች፣ የቴሌኮም ድርጅቶች ቴስተር ይፈልጋሉ፤ አንዳንዱ በርቀት ያሠራል። አይኤስቲኪውቢ የሚባል ዓለም አቀፍ ፈተና አለ። የመጀመሪያው ደረጃ 40 ጥያቄ ነው፣ 60 ደቂቃ ይሰጠዋል፣ ማለፊያው 65 በመቶ ነው። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻው ላልሆነ ሰው ሩብ ያህል ተጨማሪ ጊዜ አለው። ፈተናው በውጭ ምንዛሪ ስለሚከፈል አሁኑኑ ተፈተኚ አልልሽም። የመማሪያ ሰነዱ ግን በነፃ ይወርዳል፤ እሱን አንብቢ።

ከሰርተፍኬት በላይ የሚያስቀጥረው ጥሩ የስህተት ሪፖርት መጻፍ መቻልሽን ማሳየት ነው። ጥሩ ሪፖርት እንዲህ ነው፦ «የቀጠሮ ገጹን ከፈትኩ። ቀን ላይ ጳጉሜ 6 ቀን 2017 አስገባሁ። መዝግብ የሚለውን ነካሁ። ይሆናል ያልኩት፦ ቀኑ የለም ብሎ መመለስ። የሆነው፦ ተመዝግቧል የሚል መልእክት መጣ። የሚያስከትለው፦ ታካሚው በሌለ ቀን ይቀጠራል። ስክሪን ሾት ተያይዟል።» ስድብ የለበትም፤ «ሲስተሙ አይሠራም» የሚል ጅምላ ንግግር የለበትም። ፕሮግራመሩ አንብቦ ያንኑ ስህተት በራሱ ኮምፒዩተር ላይ ማየት ይችላል። የመመረቂያ ፕሮጀክታችሁ እጅሽ ላይ ካለ እንደገና ክፈቺውና እንዲህ ዓይነት አሥር ያህል ሪፖርት ጻፊ። ከማመልከቻሽ ጋር አያይዢው። የሌሎችን አፕ ደግሞ እንደ ተራ ተጠቃሚ ካልሆነ በቀር አትነካኪ፤ በተለይ የባንክና የክፍያ የሆነውን።

ቴስተርነትም ወደፊት ኮድ ይጠይቅሻል ወይ? የተወሰነ፣ አዎ። ተደጋጋሚውን ሙከራ ማሽን እንዲሠራው አጫጭር ስክሪፕት የሚጽፉ ቴስተሮች ይበልጥ ይፈለጋሉ። የዚያን ጊዜ በቀን ሃያ መስመር መጻፍ እንደ ዶርሙ ሌሊት አያስጠላሽ ይሆናል፤ ካስጠላሽም ወደ አናሊስትነት የሚወስድ መንገድ አለ። ኤአይ ኮድ መጻፉ ያሰጋሽ ከሆነ ደግሞ ስጋቱን ተይው። ኮዱ በፈጠነ ቁጥር የሚመረመረው ይበዛል፤ ዘመነ ሉቃስን የሚያውቅ መርማሪ ደግሞ ያስፈልጋል።

ሌሎቹን አጠር አድርጌ ልንካቸው። የአይቲ ድጋፍና ኔትወርክ ሥራ ጎንደር ውስጥ አለ፤ ዩኒቨርሲቲው፣ ሆስፒታሎች፣ ትልልቅ ሆቴሎች፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሰው ይቀጥራሉ። ቀኑን ከሰው ጋር ያውላል፤ ነገር ግን መሰላል መውጣትና ገመድ መጎተት አለው፤ እሁድም ይደወልልሻል። ለመሞከር የሲስኮን ፓኬት ትሬሰር አውርጂ፤ ነፃ ነው፤ ራውተር ሳትገዢ ኔትወርክ ትዘረጊበታለሽ። ባንኮች የአይቲ ክፍላቸው በአብዛኛው ዋናው መሥሪያ ቤት ነው፤ አዲስ አበባ መሄድ ካላስቸገረሽ ጀማሪ የሲስተም ድጋፍ መደቦችን ተከታተዪ። መምህርነት ከፈለግሽ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፒጂዲቲ የሚባለውን የመምህርነት ድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ መማር ይኖርብሻል። ለእናቶቹ ስታስረጂ ደስ የሚልሽ ከሆነ መምህርነትን አትናቂው፤ የአይሲቲን ትምህርት ኮምፒዩተር እያስነካ የሚያስተምር ሰው በጣም ያስፈልገናል። የአይቲ ኦዲት፣ ማለትም የድርጅቶችን ሲስተም አስተማማኝነት መመርመር፣ ጥሩ ደመወዝ አለው፤ ግን የሚታወቀው ሰርተፍኬቱ ሲሳ የአምስት ዓመት ልምድ ይጠይቃል። ለኋላ ያዢው።

አሁን ወደ አባትሽና ወደ አጎትሽ ልምጣ። ሁለቱም ስለሚወዱሽ ነው የሚጨነቁት፤ መልስሽም ይህን የሚያውቅ ይሁን።

አካውንቲንግን ከዜሮ ጀምሮ ዲግሪ መማር አልመክርሽም። ዓመታትሽን ይወስዳል፤ ስትጨርሺም በጀማሪ ወረፋ ነው የምትሰለፊው። የአባትሽ ሐሳብ ውስጥ ግን ጥሩ ፍሬ አለ። የሂሳብ አያያዝ መሠረቱን የሚያውቅ የኮምፒዩተር ሰው ብዙ የለም። ባንኮች የሚሠሩበት ሲስተም፣ ድርጅቶች ሂሳቡን፣ ግዢውን፣ ንብረቱን በአንድ ላይ ለመያዝ የሚዘረጉት ኢአርፒ የሚባለው፣ ዴቢትና ክሬዲት የሚገባው አናሊስት ይፈልጋል። ስለዚህ አጭር የአካውንቲንግና የፒችትሪ (የሂሳብ መያዣ ሶፍትዌር) ኮርስ ውሰጂ፤ በጥቂት ወር ያልቃል። አባትሽንም «ምክርህን ሰምቻለሁ፤ ከዲግሪዬ ላይ ልጨምርበት ነው» በዪው። ከልብሽ ከሆነ ደስ ይለዋል።

የአጎትሽን ነገር በጥንቃቄ አስቢበት። ፎቶ ኮፒ ቤት የሚናቅ ሥራ አይደለም፤ ማራኪ በኩል ተማሪ አለ፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ሰሞን ጥሩ ይሠራል። ግን ገንዘቡን ተቀብለሽ በስድስት ወር ጥለሽው ብትሄጂ ኪሳራው ከብር በላይ ነው፤ አጎትሽን ታጪዋለሽ። ስለዚህ ሳትጀምሪ በፊት ንገሪው። «ጋሼ፣ ሥራ እየፈለግሁ ነው። ከተገኘ እሄዳለሁ። ቤቱን አቋቁሜ፣ ሌላ ሰው አሠልጥኜ ላስረክብህ እችላለሁ» በዪው። በዚህ ከተስማማ ክፈቺው፤ ከፎቶ ኮፒ ጎን ለተመራማሪዎቹ የመረጃ መጠይቅ ማዘጋጀትና መረጃ ማጽዳት አብረሽ አስጀምሪ። ካልተስማማ ባትጀምሪው ይሻላል። የጎረቤቱን ስልክና ፍላሽ ደግሞ ሰዓት ወስኚለት፤ ከሰዓት በኋላ ብቻ። ጠዋትሽ የጥናትሽ ነው።

ሥራ ስትፈልጊ አንድ ነገር ተጠንቀቂ። በቴሌግራም «በርቀት የሚሠራ፣ ልምድ የማይጠይቅ» እያሉ መመዝገቢያ ወይም መያዣ ገንዘብ የሚጠይቁ አሉ። ሥራ ሰጪ ለሠራተኛ ይከፍላል እንጂ ከሠራተኛ አይቀበልም። ገንዘብ ከተጠየቅሽ እዚያው ዝጊው።

በመጨረሻ ስለ ቃለ መጠይቁ። የትም ብትቀርቢ አንድ ጥያቄ አይቀርም፦ «ኮምፒዩተር ሳይንስ ተምረሽ ለምን ፕሮግራመር አልሆንሽም?» ይሉሻል። ይህን ሲሉሽ ይቅርታ መጠየቅ እንዳትጀምሪ። «አልወድም»ም አትበዪ፤ የምትወጂውን ንገሪያቸው። «ኮድ አነባለሁ፤ ዳታቤዝ እጠይቃለሁ። በተሻለ የምሠራው ግን ተጠቃሚው ምን እንደሚፈልግ መለየትና ሲስተሙ ያንን ማድረጉን ማረጋገጥ ነው» በዪና የክሊኒኩን ታሪክ አንድ ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ተናገሪ። ነርሶቹ ምን እንዳሉሽ፣ ምን እንደሞከርሽ፣ ምን እንዳገኘሽ። ያተምሽውን ሪፖርት አውጥተሽ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪ። አንዱ ጠያቂ አንስቶ ማንበብ ከጀመረ ዝም በዪ፤ አንብቦ ይጨርስ፤ ቀጥሎ የሚጠይቅሽ ስለ እሱ ነው።